ቡና አጣጪ ያጣ ጎረቤት እንዳይኖረን



ጌታን አዲስ የተቀበሉ ወገኖች በየአጥቢያው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ቡና መጠጣት ለአማኝ ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ «ቡና የውቃቢ ነው፤ ጀበናውን ከቤት አውጡ» ይላል። ሌላው «ያው መጠጥ ነው፤ ምን ችግር አለው?» ብሎ ያልፋል። ሦስተኛው ደግሞ «ሱስ ካልሆነ ችግር የለውም» ይልና ከሰዓት በኋላ ራሱን እያሻሸ ቡና የተፈላበትን ቤት ይፈልጋል።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ቡና ከእግዚአብሔር እጅ የተቀበልነው መልካም ስጦታ ነው፤ በምስጋና ይጠጣል። ሆኖም በየቀኑ የሚደረግ ነገር ሁሉ ልብን ያለማምዳል። ስለዚህ አማኝ «ልጠጣ ወይስ ልተው?» ከማለት አልፎ «ይህ የዕለት ልማዴ ለማን ይገዛል? ከማንስ ጋር ያቀራርበኛል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

ጀበናው ስለ ምን ተፈራ?

አስቀድመን፣ ከእኛ በፊት ያመኑት አባቶችና እናቶች ጀበናቸውን ስለ ምን እንደ ሰበሩ እንረዳ። በአገራችን በብዙ ስፍራ ቡና ለሰው ብቻ አይፈላም ነበር። ለአድባር፣ ለቆሌ፣ ለዛር ተብሎ የሚፈላ ቡና ነበር፤ ዛሬም አለ። እጣን ይጨሳል፤ ቆሎና ፈንዲሻ በደጅ ይረጫል፤ በሲኒው አተላ ዕድል ይነበባል። «በዚህ ቀን ካላፈላሁ ልጄ ይታመምብኛል» እያለች በፍርሃት የምትቆላ እናት ነበረች። ከእንዲህ ዓይነት ቤት የወጣ ሰው ጀበናውን ሲሰብር ከዚያ ፍርሃት ጋር የነበረውን ቃል ኪዳን መስበሩ ነበር። ይህን ውሳኔ እናከብራለን፤ እንደ አላዋቂነት የሚቆጥረውም ሰው ያ ፍርሃት ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ያላየ ይመስለናል።

ነገር ግን ፍሬው ራሱ የማንም መንፈስ ንብረት አይደለም። በየዘመኑ የተለያየ ስም ሲወጣለት ኖሯል። በ15ኛው መቶ ዘመን በየመን የነበሩ ሱፊዎች ሌሊቱን በጸሎት ለማሳለፍ፣ እንቅልፍ እንዳያሸንፋቸው ቡና ይጠጡ ነበር። በዚህም ምክንያት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ለረጅም ዘመን ብዙ ክርስቲያኖች «የእስላም መጠጥ» ነው ብለው ይርቁት ነበር፤ በመካከላቸው በሰፊው የተለመደው ወደ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ግን የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሲቀመጡ ያንን ዘመን የሚያስታውሰው የለም።

የአረቢካ ቡና የትውልድ ስፍራው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በካፋና በያዩ ጫካዎች ውስጥ እስከ ዛሬ ማንም ሳይተክለው ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ሁለቱንም ስፍራዎች ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቧቸዋል። ሰው ጀበና ሠርቶ እጣን ከማጨሱ በፊት ፍሬው እዚያ ነበረ፤ የፈጠረውም እግዚአብሔር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም እንደ ሆነ፣ በምስጋናም ከተቀበሉት የሚጣል እንደ ሌለ አስተምሯል (1 ጢሞ. 4፥4-5)።

ታዲያ በጎረቤት ቤት ስንጠራ ምን እናድርግ? የቆሮንቶስ አማኞች በሥጋ ገበያ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸው ነበር። የጳውሎስ ምክር ሁለት ክፍል አለው (1 ቆሮ. 10፥25-29)። የቀረበላችሁን ሳትመረምሩ ብሉ ይላቸዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ብሎ ከነገራችሁ፣ ስለዚያ ሰውና ስለ ሕሊና ስትሉ አትብሉ ይላል። ወደ እኛ ቤት ስናመጣው፣ እትዬ እከሊት «ኑ ቡና ጠጡ» ብለው ሲጠሩን ስለ እጣኑ ጥያቄ ሳናበዛ እንሄዳለን፤ አመስግነን እንጠጣለን። «ዛሬ የአድባር ነው» ካሉን ግን በትሕትና «እትዬ፣ ይህን እንኳ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ነገ ከእኔ ቤት እንጠጣለን» እንላለን። በሲኒ የሚነበብ ዕድልንም አንሰማም፤ ነገአችን በጌታ እጅ ናት።

ከዛር ቤት ትናንት የወጣ ወንድም ወይም እኅት አጠገባችን ሲኖር ደግሞ ሲኒውን አናስገድድም። የጀበናው ሽታ ለእኛ የጨዋታ ሽታ ነው፤ ለእነርሱ ግን የድሮው ባርነት ሽታ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ሻይ መጠጣት አይጎዳንም።

ፍቅሩ እንዴት ያድጋል?

ቡና መራራ ነው። ለሕፃን ልጅ ያለ ስኳር አንድ ጉንጭ ብትሰጡት ፊቱን ያጨማድዳል። ያ ልጅ ግን ሲያድግ ቡና ወዳድ ይሆናል። እንዴት? ማንም ስለ ቡና ትምህርት አልሰጠውም። በየቀኑ ቁሌቱ ሲሸተው አደገ። ምጣዱ ሲንጫጫ፣ ሙቀጫው ሲወቀጥ ሰማ። «ሂድና ጎረቤት ጥራ» ተብሎ ተላከ። ከእናቱ ጎን ቁጭ ብሎ ቆሎ ሲቆረጥም የትልልቆቹን ወሬ ሰማ። ከዓመታት በኋላ ምላሱ መራራውን እንደ ጣፋጭ ለመደው፤ እንዲያውም ያለ እርሱ ቀኑ የጎደለ ይመስለው ጀመር።

ስለዚህ ፍቅሩን ያሳደገው መቀመጡ ነው። ጥማቱ ከመቀመጡ በኋላ መጣ።

ይህን የምንናገረው ለአንድ ምክንያት ነው። ብዙ ወገኖች «የጸሎት ጥማት የለኝም፤ ቃሉን ሳነብ አይጥመኝም፤ ጥማቱ ሲመጣ እጀምራለሁ» ሲሉ እንሰማለን። ለቡና እንዲህ ብንል ኖሮ ዛሬ ማን ይጠጣ ነበር? ጥማቱን የሚሰጥ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሆነ እናምናለን፤ ጸጋ በልማድ አይገዛም። መንፈሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተቀመጥንበት ነው። ዳንኤል በባቢሎን በቀን ሦስት ጊዜ ይንበረከክ የነበረው ከአዋጁ በኋላ የጀመረው አልነበረም፤ ቀድሞም ያደርገው እንደ ነበረ ቃሉ ይነግረናል (ዳን. 6፥10)። ጌታችንም ሌሊቱ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ ይጸልይ ነበር (ማር. 1፥35)።

የቡናችን ሥርዓት ሦስት ነገሮች አሉት፦ ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ቦታው የታወቀ ነው፤ የሚጠራውም ሰው የታወቀ ነው። የጥሞና ጊዜያችን የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ስለሚጎድለው ነው። «ሲመቸኝ» የተባለ ጸሎት እንደማይመች ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲያው ጠዋት ጀበናው እሳት ላይ ተጥዶ እስኪፈላ ያለችውን ጊዜ ለምን ለቃሉ አንሰጣትም? ቡናው እስኪንተከተክ አንድ መዝሙረ ዳዊት ይነበባል። ከአቦል በፊት አንድ ጸሎት ይደረጋል። ልጆች ካሉ፣ ቆሎው እስኪቀርብ ከወንጌል አንድ ታሪክ ይነገራቸዋል። አዲስ ሰዓት መፈለግ አያስፈልገንም፤ የለመድነው ሰዓት አለን።

ማን ማንን ይገዛል?

ጳውሎስ ሁሉ የተፈቀደ ቢሆንም በምንም ነገር ሥልጣን ሥር እንደማይሆን ጽፏል (1 ቆሮ. 6፥12)። ስለ ቡና ስናወራ ይህን ሚዛን መተው አንችልም።

ታላቁ የሙዚቃ ሰው ዮሐን ሴባስቲያን ባክ፣ በጀርመን በላይፕዚክ ከተማ የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊ ሳለ፣ ወደ 1734 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ቡና የሚያስቅ ድርሰት ሠርቶ ነበር። አባት ልጁን ቡና ተይ ይላታል። ቀሚስ አልገዛልሽም ቢላት አትሰማም፤ ከቤት አትወጪም ቢላት አትሰማም። ባል አላገኝልሽም ሲላት እሺ አለች፤ በስውር ግን ቡና የሚፈቅድልኝ ባል ካልሆነ አላገባም ብላ አስነገረች። እንስቃለን፤ ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን እርሷን የምንመስል?

የሰውነታችንን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ ስንሠራ በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ «ደክመሃል፣ ዕረፍ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የዚያን መልእክት ቦታ ይይዝበታል። ስለዚህ ቡና ድካማችንን አያስወግደውም፤ እንዳንሰማው ያደርገናል እንጂ። በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣነው ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። እንቅልፍ እግዚአብሔር ለሚወዳቸው የሚሰጠው ስጦታ እንደ ሆነ መዝሙረኛው ያስተምራል (መዝ. 127፥2)። ያንን ስጦታ በሲኒ እየመለስን ጠዋት «ለጸሎት መነሣት አቃተኝ» ብንል ጥፋቱ የሰይጣን ብቻ አይደለም።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ እስከ 200 ሚሊግራም ብትወስድ ለጤና እንደማያሰጋ አስታውቋል። የጀበናችን ቡና እንደ አፈላሉ ይለያያልና በሲኒ ቁጥር መወሰን ያስቸግራል፤ ነፍሰ ጡር እኅቶቻችንና የደም ግፊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለባቸው ወገኖች ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነታችን ከምግቡ የሚያገኘውን የብረት ንጥረ ነገር ይቀንሳል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢጠጣ ይሻለዋል።

አንድ ነገር በተለይ ለጾም ጸሎት እናንሣ። በየቀኑ ቡና የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ ድብርት፣ ንዴት ሊጀምረው ይችላል፤ ለቀናትም ሊቆይ ይችላል። በ3 ቀን ጾም ሁለተኛው ቀን ላይ ግንባሩን ይዞ «ጠላት ተነሣብኝ» የሚል ወገን አለ። ጠላት መኖሩን አንክድም፤ ይህኛው ራስ ምታት ግን ብዙ ጊዜ የቡና ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው። ጾም ከመጀመሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ከሦስት ሲኒ ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ መቀነስ ነው። እንዲህ ስናደርግ ጾሙን ከራስ ምታት ጋር በመታገል አናሳልፈውም።

ለሱስም መለኪያ የሚሆኑ ጥያቄዎች አሉ። ቡና ባልጠጣሁበት ጠዋት ቤተሰቤን እንዴት አናግራለሁ? ሠራተኛዬን ወይም ልጄን ቡናው በመዘግየቱ ብቻ እቆጣለሁ? ጌታ ለአንድ ሳምንት ተወው ቢለኝ ደስ ብሎኝ እተዋለሁ? መልሳችን ካስደነገጠን ጌትነቱ ወደ ሲኒው አዘንብሏል ማለት ነው። ያኔ መቀነስ፣ ለጊዜውም መተው ነጻነት ነው።

ቡና አጣጪ

በአማርኛችን «ቡና አጣጪ» የሚል ቃል አለ። «ቡና አጣጪ የለኝም» የሚል ሰው ቡና አጣሁ ማለቱ አይደለም፤ ብቸኛ ነኝ ማለቱ ነው። ቡናን ከሌላው መጠጥ የሚለየው ይህ ይመስለናል። ለብቻ አይፈላም። አንድ ሰው ጀበና ሲጥድ ጎረቤቱን ያስባል። ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ዙር የተደረገውም ሰው እንዲቆይ ነው፤ ሦስተኛው ዙር ስሙ ራሱ በረከት ማለት ነው።

የእኛ ትልቁ ስጋት እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ ሰፈሮች ሰው ጌታን ሲቀበል ከሚተዋቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ጎረቤቱን ያገኛታል። ከአድባሩ ሲለይ ከሰዎቹም ይለያል። ዓመት ካለፈ በኋላ «ጎረቤቶቼን በወንጌል ለመድረስ ጸልዩልኝ» ይላል፤ እነርሱ ግን ከደጁ ካለፉ ቆይተዋል። ጌታችን ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር በማዕድ ተቀምጦ ነበር፤ በዚህም ይነቅፉት ነበር (ሉቃ. 5፥29-30)። የሳምራዊቷን ሴት ያገኛት ውሃ በሚቀዳበት ጉድጓድ አጠገብ፣ «አጠጪኝ» ብሎ ነው (ዮሐ. 4)። ወንጌል በጠየቁትና በተቀበሉት መጠጥ በኩል ገባ። በእኛ ሰፈርም ሴቶች የሚያወሩበት፣ ሽማግሌ የሚጽናናበት፣ ልቅሶ የሚደረስበት ስፍራ ከጀበናው አጠገብ ነው። እዚያ ከሌለን የት እንገኛለን?

በእርግጥ በቡና ዙሪያ ሐሜት ይበዛል። ምላስ ትንሽ ብልት ሆና ትልቅ ጫካ እንደምታነድ ያዕቆብ ያስጠነቅቀናል (ያዕ. 3፥5)። ለሐሜት መድኃኒቱ ግን ቡናውን ባዶ መተው አይደለም። ስለሌለ ሰው ክፉ ሲወራ «እስቲ ስለ እርሷ እንጸልይላት» የሚል አንድ ሰው በመካከል ሲኖር ወሬው መንገዱን ይለውጣል። የታመመውን፣ ያዘነውን፣ ሥራ ያጣውን የምንሰማውም እዚያው ነው፤ የሰማነውን ወደ ጉልበታችን ይዘን እንሂድ።

ስለ ድካሙም እናስብ። መቁላቱ፣ መውቀጡ፣ ማፍላቱ፣ መቅዳቱ፣ ሲኒ ማጠቡ በአብዛኛው በእናቶችና በእኅቶች ትከሻ ላይ ነው። የቤት ኅብረት በተደረገ ቁጥር ወንዶቹ ሲወያዩ እርሷ ቃሉን ከጓዳ ሆና የምትሰማ ከሆነ፣ ማርታን ማርያም እንዳትሆን የከለከልናት እኛ ነን። ወንድሞች ምጣዱን ይያዙ፤ ሲኒውን ያቅርቡ። እግር ያጠበ ጌታ ደቀ መዛሙርት ሲኒ ማጠብ አይከብዳቸውም። ኑሮ በተወደደበት በዚህ ጊዜም ለእንግዳ ሲባል ዕዳ መግባት አያስፈልግም። ስኳሩ ቢያንስ፣ ፈንዲሻው ቢቀር፣ ቀጭን ቡናም ቢሆን «ኑ ጠጡ» የሚለው ድምፅ ይበልጣል።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቻችንም ይህ ቃል ይድረሳችሁ። በሌሊት ፈረቃ መካከል በወረቀት ኩባያ የሚጠጣ ቡና ዓይን ይገልጥ ይሆናል፤ ሰው ግን አይሰጥም። ከእሑድ አምልኮ በኋላ በአዳራሹ ጥግ የሚፈላው ጀበና ለአዲስ መጪ የመጀመሪያው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። እዚያም የለመዱት ከለመዷቸው ጋር ብቻ ከተቀመጡ አዲሱ ሰው ሲኒውን ይዞ ብቻውን ይቆማል። አንድ ወንበር ባዶ ተዉለት።

ቡናን ፈጽመው የተዉ ወገኖችም አሉ። አንዳንዶቹ ስለ ጤና፣ አንዳንዶቹ ስለ ሕሊና፣ እንደ አድቬንቲስት ያሉት ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት ምክንያት አይጠጡም። የሚጠጣ የማይጠጣውን አይናቅ፤ የማይጠጣም በሚጠጣው ላይ አይፍረድ (ሮሜ 14፥3)። የማይጠጣም ሰው ቡና አጣጪ ሊሆን ይችላል፤ ሻዩን ወይም ውሃውን ይዞ ከጎን ይቀመጣል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንድታደርጉ እንለምናችሁ። አንድ ቀን ከአቦል በፊት ቃሉን አንብቡ። አንድ ቀን ሳትጠጡ ዋሉና ማን እንደሚገዛችሁ እዩ። አንድ ቀን ደግሞ ቡና አጣጪ የሌለውን ሰው በስሙ ጠርታችሁ አስገቡ። ምናልባት ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ ይሆናሉ፤ ምናልባትም ከገጠር መጥቶ ሰው የማያውቅ ተከራይ ይሆናል። ጌታን ገና ለማታውቁና ይህን ለምታነቡም በራችን ክፍት ነው። ኑ፣ ተቀመጡ፤ ጥያቄያችሁን ሁሉ እስከ በረካ ድረስ እንሰማለን።

አባታችን ሆይ፣ ስለ ሰጠኸን መልካም ነገር ሁሉ እናመሰግንሃለን። ከአንተ በቀር ምንም ነገር እንዳይገዛን ጠብቀን። ብቸኛውን የሚያስብ ልብ፣ ሐሜትን የሚዘጋ አፍ፣ ለቃልህ የሚቀመጥ ጊዜ ስጠን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።